ስፒን ኦፍ ፊልም ተራ ተመልካች አያመጣም ለሚሉት ጸሐፊ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ የባሕር ዳርን የፊልም ወዳጆች ሲያነጋግር ሰነበተ። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። ከትልቅ የሳይንስ ፊክሽን ተከታታይ ተቀንጥቦ የሚወጣ ፊልም፣ ስፒን ኦፍ የምንለው፣ የድሮ ወዳጆቹን ብቻ ነው ወደ ሲኒማ የሚጠራው። በዓመት አንዴ ሁለቴ ፊልም የሚገባ ተራ ተመልካች አይመጣም።

ጸሐፊው አምስት ምክንያት ያቀርባሉ። ያለፈውን ያላየ ሰው አይገባውም ይላሉ። ዋናው ባለታሪክ ስለሌለበት ስሜት አይሰጥም ይላሉ። «ሶሎ» የተባለውን ፊልም ኪሳራ በማስረጃነት ያቀርባሉ። የእኛ ከተማ ሰው የጠፈር ታሪክ አይወድም ይላሉ። በመጨረሻም ሰው ስልኩ ላይ እስኪመጣለት ይጠብቃል እንጂ ትኬት አይቆርጥም ይላሉ።

መነሻ የሆናቸው «ዘ ማንዳሎሪያን ኤንድ ግሮጉ» ነው። መነሻው «ዘ ማንዳሎሪያን» የተባለ፣ በ2019 ዲዝኒ ፕላስ በተባለው የኢንተርኔት መመልከቻ ላይ የጀመረ፣ ስታር ዋርስ ከሚባሉት የጠፈር ፊልሞች የተቀነጠበ ተከታታይ ነው። አሁን ወደ ሲኒማ ሊመጣ ለሜይ 22 ቀን 2026 ቀጠሮ ተይዞለታል። ጸሐፊው ፊልሙን ገና ሳይታይ ከስሯል ብለው ፈርደውበታል።

ፍርዱ ቸኩሏል ብዬ አምናለሁ። ዝም ብዬ እንዳላልፍ ያደረገኝ ደግሞ ስለ ከተማችን ተመልካች የተጻፈው ነው። እሱን መጨረሻ ላይ አነሳዋለሁ። ዓመቶቹን የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ገቢ የምለው በዓለም ዙሪያ ከትኬት የተሰበሰበውን ነው።

የጽሑፉ ምሰሶ የመጀመሪያው ነጥብ ስለሆነ እሱ ላይ ቆየት ልበል። ያለፈውን ያላየ አይገባውም የሚለው።

ቪዲዮ ቤት ገብቶ የሚያውቅ የባሕር ዳር ልጅ ይህን ነጥብ ሲሰማ ይገርመዋል። ቪዲዮ ቤት ውስጥ ፊልም ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚያይ ሰው ስንት ነበር? አንዱ ከተጋመሰ በኋላ ይገባል። አግዳሚው ላይ ተጠጋግቶ ይቀመጥና አጠገቡ ያለውን «ምን ላይ ደረሰ?» ይለዋል። ያኛውም ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል «ይኼ ባለ ኮፍያው ወንድሙን ገድሎበት ነው፣ እየፈለገው ነው» ይለዋል። በቃ። አዲሱ ሰው ከዚያ በኋላ ከሌላው እኩል ይጮኻል፣ እኩል ይናደዳል። ክፍል አንድን ሳያዩ ክፍል ሦስትን ማየትም ለማንም ብርቅ አልነበረም። የተገኘው ካሴት እሱ ከሆነ እሱ ይታያል።

እኔ አንድን ስፒን ኦፍ የምመዝነው በዚያች አጭር መልስ ነው። አጠገብ የተቀመጠው ሰው ታሪኩን በአንድ ትንፋሽ መናገር ከቻለ ዘግይቶ የገባውም ይገባዋል። ካልቻለ ግን ሰውየው ግማሽ መንገድ ላይ ይጠፋበታል።

«ሮግ ዋን»ን እንየው። በዲሴምበር 2016 የወጣ የስታር ዋርስ ስፒን ኦፍ ነው። አዘጋጁ ጋሬዝ ኤድዋርድስ ነው። ፕላኔት የሚያጠፋ መሣሪያ ተሠርቷል፤ ጥቂት ሰዎች ንድፉን ሊሰርቁ ይሄዳሉ። ይኸው ነው። ሐሳቡ የተወሰደው በ1977ቱ የመጀመሪያ ፊልም መግቢያ ላይ ከሚነበብ ጽሑፍ ነው። እዚያ ላይ ሰላዮች የመሣሪያውን ንድፍ እንደሰረቁ ይነገራል። ይህን የማያውቅ ሰው ግን ምንም አይጎድልበትም። እንዲያውም አዘጋጆቹ ስታር ዋርስ የሚታወቅበትን፣ ወደ ላይ እየራቀ የሚሄደውን መግቢያ ጽሑፍ ከዚህ ፊልም አውጥተውታል። ዋናዎቹ ባለታሪኮች ሁሉ ለተመልካቹ አዲስ ናቸው። ፊልሙ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ይህን ያህል ትኬት ቀንደኛ ወዳጆች ብቻቸውን አይቆርጡም።

ጸሐፊው ልክ የሚሆኑበት ቦታ አለ። «ካፕቴን ማርቨል» የተባለችው የልዕለ ጀግና ፊልም በ2019 ከ1.1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብታ ነበር። ቀጣይዋ «ዘ ማርቨልስ» በ2023 ያስገባችው ወደ 206 ሚሊዮን ነው። እንዴት እንዲህ ተሽቆለቆለ? አንዱ ምክንያት የተዋናዮች የሥራ ማቆም አድማ ነው። ተዋንያኑ በአድማው የተነሳ ፊልሙን ዞረው ማስተዋወቅ አልቻሉም። ግን ሌላም አለ። ከሦስቱ ጀግኖች ሁለቱን በደንብ ለማወቅ ዲዝኒ ፕላስ ላይ የወጡ ሁለት ተከታታዮችን ማየት ያስፈልግ ነበር። «ይቺ ደግሞ ማናት?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ማስረዳት ከጀመረ ፊልሙ ያመልጠዋል። ተመልካቹ ቲኬት ከመቁረጡ በፊት የቤት ሥራ ተሰጠው። ስለዚህ ጸሐፊው ፈተናውን በትክክል አይተውታል። ስህተታቸው ስፒን ኦፍ ሁሉ ይህ ፈተና አለበት ማለታቸው ላይ ነው።

እዚሁ ጣና ላይ ያለ አንድ ነገር ልጨምር። ቅዱሱን ነገር ከፊልም እኩል ላስቀምጥ ፈልጌ አይደለም፤ የአተራረኩን ጥበብ ለማሳየት ነው። ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የገባ ሰው ግድግዳው ላይ የበላዔ ሰብን ታሪክ ያገኛል። ሰው በላ የነበረ ሰው በእመቤታችን ስም ለለመነው ለተጠማ ሰው ጥርኝ ውሃ ሰጠ፤ በዚያች ጥርኝ ውሃ ነፍሱ ዳነች። ይህ ከብዙዎቹ የተአምረ ማርያም ታሪኮች አንዱ ነው። መጽሐፉን አንብቦ የማያውቅ፣ በጀልባ ተሻግሮ የመጣ እንግዳም ግን ሥዕሉ ፊት ቆሞ ይመሰጣል። የሰውየው ኃጢአትና የጥርኟ ውሃ ነገር በአንድ ትንፋሽ ስለሚነገር ነው። ትልቁ መጽሐፍ ከጀርባው አለ። እንግዳውን ግን «መጀመሪያ እሱን ጨርሰህ ና» የሚለው የለም።

ወደ «ሶሎ» ልለፍ። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር በአኃዙ አልጣላም። ይህ የስታር ዋርስ ስፒን ኦፍ በሜይ 2018 ወጥቶ ወደ 393 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ወጪው ከ250 ሚሊዮን በላይ እንደነበር ተዘግቧል። ሲኒማ ቤቶች ከትኬቱ የራሳቸውን ድርሻ ስለሚያስቀሩ ይህ ኪሳራ ነው።

ነገር ግን ወጪው ለምን እንዲያ ናረ? ፊል ሎርድና ክሪስ ሚለር የተባሉት አዘጋጆች ቀረጻው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ በጁን 2017፣ ተሰናበቱ። ሮን ሃዋርድ ተተካና የፊልሙን ትልቅ ክፍል እንደገና ቀረጸ። በዚያው ዓመት በ2018 መጨረሻ ሌላ ስፒን ኦፍ ወጥቷል፤ ከትራንስፎርመርስ የተቀነጠበው «በምብልቢ»። እሱ ወደ 468 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ከ«ሶሎ» የሚበልጠው በመጠኑ ነው። ወጪው ግን ወደ 135 ሚሊዮን ስለነበር አትራፊ ተባለ። አንዱን ያከሰረውና ሌላውን ያተረፈው በሩን አልፎ የገባው ሰው ብዛት ብቻ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ ይህን ያህል አይሰፋም ነበር።

የወጣበት ጊዜም አለ። «ሶሎ» የወጣው ሌላው የስታር ዋርስ ፊልም «ዘ ላስት ጄዳይ» በወጣ በአምስት ወሩ ነው። ከ«ሶሎ» አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ «ዴድፑል 2» ገብቷል። አንድ ወር ቀደም ብሎ ደግሞ «አቬንጀርስ፦ ኢንፊኒቲ ዋር» ሲኒማውን ሁሉ ተቆጣጥሮታል። በወቅቱ የዲዝኒ ኃላፊ የነበሩት ቦብ አይገር ራሳቸው በኋላ ላይ ስታር ዋርስን አብዝተንና አፍጥነን አወጣነው ብለው ጥፋቱን ወስደዋል። በዓመት አንዴ ሁለቴ ሲኒማ የሚገባ ሰው በአንድ ወር ውስጥ ሦስተኛ ትኬት አይቆርጥም። ይህ የኪስ ጉዳይ ነው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላም «ሶሎ» ለተራ ተመልካች የተሠራ ፊልም አልነበረም እላለሁ። የድሮው የስታር ዋርስ ጀግና ሃን ሶሎ ስሙን ከየት አገኘው? መርከቡ እንዴት እጁ ገባች? ጓደኛውን የት ተዋወቀው? እነዚህን የሚጠይቀው ሃን ሶሎን ድሮ የወደደ ሰው ብቻ ነው። ለሌላው መልስ የሚሰጠው ላልጠየቀው ጥያቄ ነው።

እዚህ ጋ ነው ጸሐፊው ያላዩት የሚመስለኝ መስመር ያለው። ስፒን ኦፍ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የምናውቀውን ጀግና የመነሻ ታሪክ የሚተርክ ነው። «ሶሎ» እንዲህ ነው። ከ«ቶይ ስቶሪ» ተቀንጥቦ በ2022 የወጣው «ላይትይር» እንዲህ ነው፤ ያስገባው ወደ 226 ሚሊዮን ነው፣ ወጪው ግን 200 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ከ«ማድ ማክስ» ተቀንጥባ በ2024 የወጣችው «ፉሪዮሳ»ም እንዲሁ። ከ160 ሚሊዮን በላይ ወጥቶባት ወደ 174 ሚሊዮን ብቻ አስገባች። እኔ «ፉሪዮሳ»ን በጣም ነው የወደድኳት። የተሠራችበት ጥራት ሳያንሳት ሰው አልመጣላትም፣ እስካሁን ያሳዝነኛል። ግን የምታሳየን መጨረሻዋን ያወቅናትን ሴት መነሻ ነበር።

ሌላው ዓይነት በታወቀ ዓለም ውስጥ አዲስ ሰው የሚያስገባ ነው። «ሮግ ዋን» አዲስ ሰዎች ይዞ መጣ። «በምብልቢ» ሮቦቱን ያሳየን በአንዲት አባቷ በሞተባት፣ መኪና በምትጠግን ልጅ ዓይን ነው። በ2024 የወጣው «ኤሊየን፦ ሮሙለስ» ከማዕድን ማውጫ ሰፈር ሊያመልጡ የሚፈልጉ ወጣቶችን ይዞ በ80 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ ወደ 350 ሚሊዮን አስገባ። ተራው ሰው የሚገባበት በር ይህ ነው። አዲሱ ባለታሪክ ዓለሙን እንደ እኛው ከባዶ ስለሚጀምር አብረነው እንማራለን። የእኔ ክርክር በሙሉ እዚህች ላይ ያርፋል።

ጸሐፊው ከ«ሶሎ» ይልቅ «ሴሬኒቲ»ን ቢያነሱ ኖሮ የበለጠ ይከብደኝ ነበር። «ፋየርፍላይ» የተባለው የ2002 ተከታታይ 14 ክፍል ብቻ ተሠርቶ ተቋረጠ። ወዳጆቹ አልተዉትም። በ2005 «ሴሬኒቲ» ተብሎ ሲኒማ ገባ። ወጪው ወደ 39 ሚሊዮን ነበር፣ ገቢው ከዚያ ብዙም አላለፈም። ከቴሌቪዥን ወደ ሲኒማ የሚመጣ ሳይንስ ፊክሽን ይህ አደጋ አለበት፣ አልክድም። በአንጻሩ በ1998 «ዘ ኤክስ ፋይልስ» ተከታታዩ ገና በቴሌቪዥን እየታየ ሲኒማ ገብቶ ወደ 189 ሚሊዮን ዶላር አስገብቷል። የመጀመሪያውን ስም ከወዳጆቹ ውጭ ያወቀው ጥቂት ነበር። የሁለተኛው ስም ግን ተከታታዩን የማያዩ ሰዎች ቤት ሳይቀር ይነሳ ነበር። ስለዚህ ታሪኩ መቅለሉ ብቻውን አይበቃም። ወሬው ቀድሞ መድረስ አለበት።

ግሮጉ በዚህ በኩል ተሳክቶለታል። ያ ትልልቅ ጆሮ ያለው አረንጓዴ ሕፃን ከ2019 ጀምሮ ፎቶው የዓለምን ስልክ ሁሉ አዳርሷል። ስታር ዋርስ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው እንኳ አይቶት ፈገግ ብሏል። ታሪኩም ለጎረቤት የሚነገር ነው፤ ፊቱን የማያሳይ ቅጥር አዳኝ አንድ ሕፃን አግኝቶ ሊጠብቀው ወሰነ። የሚያሰጋኝ ፊልሙ ባለፉት ሦስት ምዕራፎች የመጡትን ሰዎች ሁሉ ሰብስቦ እንዳያመጣብን ነው። እንዲያ ካደረገ የ«ዘ ማርቨልስ»ን መንገድ ይሄዳል።

የዋናው ባለታሪክ አለመኖር ለሚለው ነጥብ ብዙ ቃል አላጠፋም። በ2022 የወጣው «ፕሬይ» ከፕሬዴተር ተከታታይ የወጣ ነው። የመጀመሪያው ፊልም ጀግና አርኖልድ ሽዋርዝነገር የለበትም። ዘመኑ 1719 ነው፤ ጀግናዋ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ከሆነው ከኮማንቼ የተገኘች ወጣት ናት። ፊልሙ በብዙ ሰው ዘንድ ከመጀመሪያው ወዲህ ከተሠሩት ሁሉ ምርጡ ተባለ። ማንዳሎሪያኑም ቢሆን ፊቱ በብረት ቁር ተሸፍኖ ነው ሰው የወደደው። ታዋቂ ፊት ይረዳል። ያለ እሱ አይሆንም ማለት ግን ከእውነታው ጋር አይሄድም።

ሰው ስልኩ ላይ ይጠብቃል በሚለው በከፊል እስማማለሁ። የማንዳሎሪያን ወዳጆች እንኳ ለዓመታት ቤታቸው ተቀምጠው አይተውት አሁን ለትኬት ክፈሉ መባሉ ከባድ ነው። እኛም ጋ ፊልም የሚዞረው በፍላሽ ነው። የግቢ ተማሪ አንድ ላፕቶፕ ከበው ያያሉ። ፔዳም ፖሊም፣ ሁለቱም የዩኒቨርሲቲያችን ግቢዎች፣ ያው ነው። የሕጋዊነቱን ነገር ሌላ ቀን እንነጋገርበት፣ አሁን የማነሳው ልማዱን ነው። ሆኖም «ሮሙለስ» መጀመሪያ የታሰበው «ሁሉ» (Hulu) ለተባለው የቤት ውስጥ የኢንተርኔት መመልከቻ ነበር። ሐሳብ ተቀይሮ ሲኒማ ገባ፣ ሰውም ተሰለፈ። በጨለማ አዳራሽ ከብዙ ሰው ጋር ሲፈራ የሚያምር ፊልም ስለነበር ነው። ስልክ የማይሰጠውን የሚሰጥ ፊልም ሲመጣ ተራውም ሰው ይነሳል።

አሁን የከነከነኝ ላይ ደረስኩ። የባሕር ዳር ሰው የጠፈር ታሪክ አይወድም። ፍቅርና ቀልድ ብቻ ነው የሚያየው። ጸሐፊው ይህን እንደታወቀ ነገር ጽፈውት አልፈዋል። ማስረጃ አላቀረቡም።

ይህ ሰው የጠፈር ታሪክ መቼ በሚገባው ቋንቋ ቀርቦለት ነው የጠላው? ከ2016 ጀምሮ ቃና ቴሌቪዥን የቱርክን ድራማ በአማርኛ ሲያቀርብ ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። ከዚያ በፊት ኢስታንቡልን በስም እንኳ የማያነሱ እናቶች የባለታሪኮቹን የሥጋ ዝምድና እስከ አያት ቆጠሩ። ስንት ክፍል ያለው ድራማ ነው! መሐል ላይ የጀመሩት ደግሞ ጎረቤት እየጠየቁ ደረሱበት። ያ ሁሉ የቤተሰብ ሐረግ ያልከበዳቸው ሰዎች አንድ አዳኝና አንድ ሕፃን ይከብዷቸዋል? ትርጉም ፊልም የሚባለውንም እናስታውስ። አንድ ሰው በአማርኛ እየተረከ የሚያሳየን የውጭ ፊልም ማለቴ ነው። ከዚያ ውስጥ ሮቦትም፣ ከሌላ ዓለም የመጣ አውሬም ሞልቶበታል። ሱቅ ሄዶ ፍላሽ የሚያስሞላ ሰው «ትርጉም ያለው ነው?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። የጠፈር ይሁን የምድር ብሎ የሚመርጥ ብዙም አላየሁም።

ቋንቋ ምን እንደሚያደርግ የስታር ዋርስ የራሱ ታሪክም ይናገራል። በ2013 የ1977ቱ ፊልም በናቫሆ ቋንቋ ተተርጉሞ አሜሪካ አሪዞና ውስጥ ዊንዶው ሮክ በተባለች የናቫሆዎች ከተማ ለሕዝብ ታየ። ቋንቋው እንዳይጠፋ በሚሠሩ የራሱ ሰዎች የተደረገ ነው። «ፕሬይ»ም ሙሉ በሙሉ በኮማንቼ የተቀዳ ድምፅ አብሮት ወጥቷል። የኮማንቼ ቋንቋን የሚናገረው ሕዝብ ከአንድ የባሕር ዳር ክፍለ ከተማ ነዋሪ እጅግ ያንሳል። አማርኛ በአስር ሚሊዮኖች የሚናገሩት ቋንቋ ነው። እኛ ጋ ግን የጠፈር ፊልም ሲኒማ ከገባ በእንግሊዝኛ ነው የሚገባው፣ በፍጥነት በሚነገር እንግሊዝኛ። ያልገባው ሰው ዝም ብሎ ይወጣል። ከዚያ አልወደደውም ብለን እንጽፍበታለን። ይህ ፍርድ ያናድደኛል፣ ልደብቀው አልፈልግም።

እና ጸሐፊውን በአክብሮት አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ። ስለ ተመልካቹ ከመፍረዳችን በፊት አብረን እንሞክረው። ሙሉዓለም አዳራሽም ይሁን ሌላ ቦታ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በሕጋዊ ፈቃድ፣ በአማርኛ ድምፅ የተዘጋጀ አንድ የጠፈር ፊልም ይታይ። ዋጋው የተማሪ ኪስ የሚችለው ይሁን። ወሬው በባጃጁም በቡና ቤቱም ቀድሞ ይነዛ። እናቶችም ይጠሩ። ከዚያ በኋላ አዳራሹ ባዶ ከሆነ አራተኛውን ነጥብ ለእርስዎ እለቃለሁ።